ኢንጂነር ጅብሪልና ያልታጠበው ቦርድ

በየከተማው ዩኒቨርሲቲ ያላስመረቀው አንድ ኢንጂነር አለ። ማዕረጉን የሰጠው ሕዝቡ ነው፤ የሰጠበትም ምክንያት የተበላሸ ዕቃ ይዞ የሚሄድበት ሌላ ሰው ስላጣ ነው። ሂርና አንድ አላት። መሰላም አላት ይላሉ። የኛዋ ጭሮ፣ እኔ ዛሬም አሰበ ተፈሪ የምላት፣ ያላት ግን ሁሉንም ያስከነዳል። ክቡር ኢንጂነር ጅብሪል ይባላል።

ይህን የምጽፈው ላመሰግነው አይደለም። ተናድጄ ነው። ለመናደድ እንኳ ጉልበት የለኝም፤ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፣ ወገቤ ያመኛል፣ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ትቼ ሃያ ዓመት የሰው ልብስ ሳጥብ ነው የኖርኩት። እንዲህ የኖረ ሰው ዝም ማለት ይለምዳል። እኔም ለምጄ ነበር። ያስተወኝ ጅብሪል ነው።

ጭሮን ረግጣችሁ ባታውቁም ሰውየውን አይታችሁታል። ሱቁ ሆዳቸው በተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች ተሞልቶ እሱ ራሱ የሚቀመጠው ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ነው። የሸሚዝ ኪሱ በመፍቻ ብዛት ወደ ታች ተንጠልጥሏል። የተበላሸ ዕቃ ስትሰጡት ምን እንደሆነ አይጠይቅም። እናንተ ልትነግሩት አፋችሁን ስትከፍቱ እጁን ያነሳል፣ ዝም በሉ ማለቱ ነው። ዕቃውን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ይነቀንቀዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል፦

«አቦ፣ ይሄ ቀላል ነው።»

ክቡርነቱ በዕድሜው ቀላል ያልሆነ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

አሠራሩን ቆሜ ስላየሁት እነግራችኋለሁ። ዕቃውን ይፈታል። ውስጡ ያለውን ቦርድ፣ ያን የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች የተሰገሰጉበትን አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል። ከአንድ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ በክብሪት እንጨት ቡናማ ቅባት ይዝቃል። እነሱ ፍለክስ ይሉታል፤ ሊዱ፣ መበየጃው እርሳስ፣ ቀልጦ እንዲይዝ የሚቀቡት ነው። ሌላው ሰው በመርፌ ጫፍ ያህል ያደርጋል አሉ። የኛ ኢንጂነር ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚቀባ ሰው ነው። በጋለው ብረት ሊዱን ያቀልጣል፣ ጭሱ ይወጣል፣ እሱ «እፍ» ይልበታል፣ አለቀ። የተረፈው ቅባት እዚያው ደርቆ እንደ ካራሜላ ያብረቀርቃል። አይጠርገውም። ጨርቅ አያስነካውም። ዕቃውን ገጥሞ እዚያው ፀሐይ ላይ ይሰካዋል፤ ይሠራል። ያን ጊዜ ቀና ብሎ ያያችኋል።

«ሠርቷል፣ አልሠራም?»

ሠርቷል። ምን ትላላችሁ? ተሸክማችሁ ወደ ቤት።

ከዚያ አንድ ቀን ዝናብ ይመጣል። ወይም ጉም ከተራራው ወርዶ ቤታችሁ ይገባል። ዕቃው ያብዳል። ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ። እሱ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ለግማሽ ሰዓት ስለ ሌላ ነገር ያወራችኋል፤ ከዚያ ይሰካዋል፤ ይሠራል! በሰው ፊት፣ እንደ ውሸታም ያስቆማችኋል።

«እዚህ እኮ ይሠራል!» ይላል እጁን ዘርግቶ። «ችግሩ መብራቱ ነው። ካልሆነ ቤታችሁ ነው። ወይስ ነካካችሁት?»

ጎረቤቴ መምህር ኪሮስ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ፣ አምስት ክረምት አንድ ቴሌቪዥን ሲያመላልስ አይቻለሁ። «የኔ ቴሌቪዥን የትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኛ ናት» ይላል፣ «ሐምሌና ነሐሴ እረፍት ትወጣለች።» የእድራችን ድምፅ ማጉያም በጅብሪል እጅ አልፏል። በካፊያ ቀን ለቀብር አወጣነው፤ አንዷን ቃል እየዋጠ አንዷን እየጮኸ ሟቹ ማን እንደሆነ በቅጡ ሳንሰማ አልቅሰን ተመለስን። በማግስቱ የእድሩ ዳኛ ማጉያውን ይዘው ሄዱ። ፀሐይ ነበር። ምን እንደተባሉ ታውቁታላችሁ።

ይህ ሁሉ ለኔ ሳቅ ነበር፤ ማሽኔ እስኪበላሽ ድረስ።

ማሽኔ እንቁላል ማስፈልፈያ ናት። ልብስ ማጠብ ወገቤን ሲጨርሰው የገዛኋት፣ መስኮት ያላት ሣጥን፣ ከአዳማ የመጣች። ውስጧ ሁለት አምፖል አለ፤ ሙቀቱን ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ላይ የሚይዝ፣ ቴርሞስታት የሚሉት አንድ ትንሽ ቦርድ አለ፤ ቁጥሩ በቀይ ይበራል። እንቁላሉ ሃያ አንድ ቀን ይቀመጣል። አሥራ ሰባቱን ቀን ከሥሩ አንድ ሳህን ውሃ ይበቃዋል። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ሁለተኛ ሳህን ይገባል፤ አየሩ ካልረጠበ የቅርፊቱ ስስ ልባስ ደርቆ ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል፣ መውጣት ያቅተዋል። መተዳደሪያዬ ይህች ሣጥን ናት። ሌላ የለኝም።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣና ቦርዷን መታት። ወደ ጅብሪል ወሰድኩት። «አቦ፣ አዴ ዓለምሸት፣ ይሄ ቀላል ነው» አለኝ፤ አዴ እኛ ዘንድ የትልቅ ሴት መጥሪያ ነው። ቀባ፣ በየደ፣ እፍ አለ። ሠራ። እንቁላሌን ሞላሁ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ጨምሬ ገበያ ደርሼ ስመለስ ቀዩ ቁጥር ሃያ አንድ ይላል፣ አምፖሎቹ ግን አልጠፉም፣ እየነደዱ ነው። ሣጥኑን ስከፍተው የተቀቀለ እንቁላል ሸተተኝ። ጫጩቶቹ ላባ አውጥተው ነበር።

ጅብሪል ምን አለ? «መብራቱ ነው።»

እንደገና ቀባ፣ በየደ። እንደገና ሞላሁ። እንደገና በአሥራ ስምንተኛው ቀን። አሁን ደግሞ በተቃራኒው፤ ቁጥሩ ሃምሳ ሁለት ብሎ አምፖሎቹ ጠፍተው፣ እንቁላሉ ቀዝቅዞ። ሄጄ ጮኽኩ። ቦርዱን ፀሐይ ላይ ሰካው። ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሰባት። «እዚህ እኮ ይሠራል!» አንድ ደንበኛ አገጩን ይዞ አዘነልኝ፤ ለእብድ እንደሚታዘነው። ወደ ቤቴ ስመለስ ማሽኗን ልሸጣት ወስኜ ነበር።

ያን ሳምንት ኩብራ መጣች።

ኩብራ ከመሰላ የምትመጣ የእንቁላል ደንበኛዬ ናት። ዶሮ እንደሷ የሚወድ ሰው አላየሁም፤ በስም ትጠራቸዋለች። የዚያን ቀን ቅርጫቷን በጭድ ሞልታ ራሷ ላይ ሳይሆን እቅፏ ውስጥ ይዛ መጣች። ሸለምጥማጥ ገብቶ አሥራ አራቱንም ፈጅቶባታል፤ አውራውን ሳይቀር። የቀረላት ከመፈጀታቸው በፊት የጣሉት አርባ አንድ እንቁላል ብቻ ነው።

«አዴ» አለችኝ፣ «ዘራቸው እዚህ ውስጥ ነው። ሌላ የለም። አንቺ አስቀምጪልኝ።»

ማሽኗ ታማለች ልላት ነበር። ዓይኗን አይቼ አቃተኝ። አስቀመጥኩ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ የጅብሪልን ሳወራ የኔን አልደብቅም።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጠዋት ሁለተኛውን ሳህን ውሃ ሞልቼ ማሽኗ ፊት ቆምኩ። እጄ አልሄድ አለ። ሁለቱንም ጊዜ ያበደችው ይህን ሳህን ካስገባሁ በኋላ ነው። የኪሮስ ቴሌቪዥን በክረምት። የእድሩ ማጉያ በካፊያ። ጅብሪል ቤት ፀሐይ፣ እኛ ቤት እርጥበት። ሳህኑን መሬት አስቀምጬ የቦርዱን ክዳን ከፈትኩ። ያን የደረቀ ቅባት በጣቴ ነካሁት። ከአምፖሉ ሥር ወዝቶ ያጣብቃል።

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ሳሙናው ያልለቀቀ ልብስ ነው። ገመድ ላይ ስታዩት ንጹሕ ነው፣ ሲለብሱትም ንጹሕ ነው። ሰውየው ዳገት ወጥቶ ሲያልበው ነው ጉዱ የሚታየው፤ ሳሙናው ከላቡ ጋር ተነስቶ ቆዳውን ይለበልበዋል። ሥራውን ስጀምር፣ ስንት ጊዜ ተሰድቤበታለሁ። መልሴንም አስታውሳለሁ። «ከእጄ ሲወጣ ንጹሕ ነበር።»

መምህር ኪሮስን አጥር ላይ ጠርቼ ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

«ቅባቱ እኮ ሊዱ እንዲይዝ ብረቱ ላይ ያለውን ዝገት የሚበላ ነገር አለበት» አለ። «ሥራውን ሲጨርስ በአልኮል ካልታጠበ መብላቱን አይተውም። ሲረጥብ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ማለፍ በሌለበት መንገድ በቅባቱ በኩል ያልፋል።» ትንሽ አሰበና ወደ ቤቱ ዞረ። «እና የኔ ቴሌቪዥን...»

«አዎ።»

«አምስት ክረምት!» አለ። «አምስት ክረምት፣ ዓለምሸት! ፊዚክስ እያስተማርኩ!»

እሱን ለራሱ ንዴት ትቼው ወደ ጅብሪል ወረድኩ። ቅዳሜ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ሊሆን ምንም ያልቀረው። የቀኑን ጫት ገዝቶ እግሩ ሥር አስቀምጧል፤ ሁለት ሰዎች አብረውት ተቀምጠዋል።

«ጅብሪል፣ ተነስ። ቦርዱን ታጥበዋለህ።»

«ምኑን?»

«ቦርዱን። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ።»

ሰዎቹን ዞሮ አያቸው። «ወላሂ፣ ሰማችሁ? ቦርድ እንደ ካልሲ ይታጠባል አለች።» ወደኔ ተመለሰ። «አዴ፣ ቅባቱን እኔ ረስቼው መሰለሽ? ሆን ብዬ ነው የምተወው። ይጠብቀዋል! ሴት ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ወዲያው ትታጠባለች?»

«ወዲያው አትታጠብም። ግን ትታጠባለች። አምስት ዓመት ያንኑ ቅቤ ተሸክማ የምትዞር አይተሃል?»

ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «ቢሆንም እዚህ ይሠራል» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ስንት ጊዜ አሳየሁሽ? እዚህ ይሠራል!»

«እዚህ ጫጩት አይፈለፈልም!»

እንዲህ ስጮኽ ራሴን ሰምቼው አላውቅም። መንገደኛ ቆመ። ስለጮኽኩም አላፈርኩም፤ ቀጠልኩ። «ውሃውን ካስገባሁ ቦርድህ ያብዳል። ካላስገባሁ ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ ደርቆ ይሞታል። ሁለት ጊዜ የኔን ፈጀህ፣ ቻልኩት። ይሄ የኔ አይደለም። የኩብራ ነው።»

«የትኛዋ ኩብራ? ሸለምጥማጥ ዶሮዎቿን...»

«እሷ።»

«ያ ራቢ፣ ጌታዬ» አለ ቀስ ብሎ። ቦርሳውን አንስቶ ተነሳ። ጫቱን ግን አልረሳም፤ ይዞት መጣ።

ቤት ስንደርስ ማሽኗን አየና የመጀመሪያውን ትክክለኛ ጥያቄ ጠየቀ። «ቦርዱ ሲወጣ ሙቀቱን ማን ይይዛል?»

«አንተ።»

አምፖሎቹን በቀጥታ ከሶኬቱ ጋር አገናኘናቸው። በርጩማ ሰጠሁት፤ በመስኮቷ በኩል ውስጥ ያስቀመጥኩት ቴርሞሜትር ይታየዋል። ሠላሳ ስምንት ሲጠጋ ይነቅላል፣ ሠላሳ ሰባት ተኩል ሲወርድ ይሰካል። ሌላ ሥራ የለውም። ክቡር ኢንጂነር ጅብሪል ቴርሞስታት ሆነ።

እኔ ቦርዱን በረንዳ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። አልኮሉን ከመድኃኒት ቤት፣ ብሩሹን ከራሴ አፍ ነው ያመጣሁት፤ ሌላ አልነበረኝም። አሸሁት። የወረደው የቀዘቀዘ ሻይ ይመስላል። ደግሜ አሸሁት፣ አለቀለቅሁት፣ በነጭ ጨርቅ ጠረግሁት። ጨርቁ እስኪነጣ አምስት ጊዜ ሆነ። ከውስጥ ደግሞ ጅብሪል ያወራል። ስለ መብራት ኃይል፣ ስለ አዳማ ዕቃ ርካሽነት።

«ቴርሞሜትሩን እይ!»

«እያየሁ ነው፣ አዴ!»

«አፍህ ሲከፈት ዓይንህ ይዘጋል፣ አውቅሃለሁ!»

ሶኬቱን ነቀለ። ቦርዱ ሲነጻ ያየሁትን ለብቻዬ መሸከም አልፈለግሁም፤ ወስጄ ፊቱ ያዝኩለት። ያ የሚያብረቀርቅ ካራሜላ ከተነሳበት ሥር፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። በሁለት ቦታ ተበልቶ ፀጉር አክሏል፤ አንዱ ሊበጠስ ደርሷል።

አየው። ነቀለ። ደግሞ አየው። ሰካ። ወደ ጆሮው አላስጠጋውም። ቀላል ነው አላለም።

«እኔ እኮ ይጠብቀዋል ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ። ድምፁ የማላውቀው ሰው ድምፅ ነበር። «ያስተማረኝ ሰውም እንዲህ ነበር የሚሠራው።»

 ስድቡ ሁሉ አፌ ላይ ነበር፤ ቦርዱን ግን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ቦታ ተቀያየርን። እኔ ሶኬቱን ያዝኩ፣ እሱ በረንዳ ላይ በቀጭን ሽቦ የተበላውን መዳብ ጠገነ። ከቆርቆሮው በክብሪት እንጨት ዘቀ፤ ልምድ ነው፣ ብዙ ዘቀ። ቆመ። መልሶ ከጨመረው በኋላ በጫፉ ብቻ ነካ። በየደ። አፉን ለእፍታ አሞጠሞጠና ተወው። ሳያየኝ እጁን ወደኔ ዘረጋ።

«ብሩሹን ስጪኝ።»

ቦርዱ ደርቆ ተገጠመ። ሁለተኛውን ሳህን አነሳሁ። ግማሹ እግሬ ላይ ፈሰሰ፤ እንደገና ሞልቼ አስገባሁ። በሩን ዘጋሁ። መስኮቱ ቀስ በቀስ በላብ ተሸፈነ። ቀዩ ቁጥር ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስምንት አለ። ነጥብ ሰባት አለ። ነጥብ ሰባት ላይ ቀረ። ጅብሪል «ሠርቷል፣ አልሠራም?» አላለም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ለመግሪብ ሶላት እስኪጠራ ድረስ ያን ቁጥር ሲጠብቅ ዋለ። ጫቱ በሩ አጠገብ ፕላስቲኩ ውስጥ ጠውልጎ ቀረ። ሲሄድ አላነሳውም። የሐረርጌ ሰው የጫቱን ሰዓት ለዶሮ እንቁላል ሲተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። «በዚህ ሳልፍ ነው» ይላል፤ ሱቁ ከታች፣ ቤቴ ከላይ።

በሃያ አንደኛው ቀን ከአርባ አንዱ ሠላሳ ሁለቱ ወጡ። ኩብራ መጥታ ሣጥኑ ላይ ተደፍታ ቀረች። አንዷን ግራጫ አንስታ፣ አገላብጣ አየቻትና፣ «ይቺ የገብስማዬ ልጅ ናት፣ እግሯን እይ፣ እግሯን!» እያለች በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ዞራ ለማን ምርቃት ሰጠች?

«ኢንጂነር፣ አላህ እጅህን ይባርከው!»

«አቦ» አለ እሱ፣ «ቀላል ነው።»

አልኳችሁ እኮ ተናድጃለሁ።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ክቡርነቱ የጥርስ ብሩሽ ኪሱ ሰክቶ ከተማውን ይዞራል። ማንም ሳይጠራው መምህር ኪሮስ ቤት ገብቶ ቴሌቪዥኑን አውርዶ አጥቦ ሄደ። የእድሩን ማጉያ አጠበ። ከዓመታት በፊት የሠራቸውን ዕቃዎች ቤት ለቤት እያስታወሰ ያንኳኳል፤ «ቼክ ላድርገው ብዬ ነው» ይላል፣ ምክንያቱን አይናገርም፣ አንድ ብር አይቀበልም፤ ሰው ምን አስቦ ነው ብሎ ይጠረጥረዋል። ይቅርታ የሚባል ቃል ከአፉ አልወጣም። ይባስ ብሎ በሄደበት ሁሉ ያስተምራል፦ «ቦርድ ካልታጠበ ዋጋ የለውም። ይሄን እኔ ስንት ዓመት ስናገር ኖሬያለሁ!» ስንት ዓመት! ብሩሹ የኔ ነው፤ ከአፌ ነው ያወጣሁት!

አስፋልቱ ዳር ሠርተፊኬቱን በመስታወት አስጠርዞ የሰቀለ አዲስ ጠጋኝ ከፍቷል። ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሰው ይመሰክርለታል። ባለፈው ሳምንት ሬዲዮኔን ይዤ ወረድኩ። በበሩ ፊት አለፍኩት።

ጅብሪል ፀሐዩ ላይ ነበር። «ምን ሆነ?» አለኝ። ጠየቀ! እጁንም አላነሳም።

«እርጥበት ሲሆን ይንሾካሾካል» አልኩት። ውሸቴን ነው። ሬዲዮኔ ምንም አልሆነም፤ እየመጣሁ ሳለሁ ዜና ስሰማበት ነበር።

ፈታው፣ ብሩሹን ከኪሱ አወጣ፣ አልኮል ውስጥ ነከረው። «አየሽ አዴ፣» አለ ድምፁን እንደ አስተማሪ አስረዝሞ፣ «ማሸት ብቻ አይበቃም። ዋናው ማለቅለቁ ነው።»

ሃያ ዓመት የሰው ልብስ ያጠብኩ ሴት በርጩማ ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።